ተሳፋሪው የማያየው ኦቶሞቢል

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር በብዙ ዓይነት መጓጓዣ ይሄዳል። በእናቱ ጀርባ በአንቀልባ ታዝሎ ይጀምራል፤ ከዚያም በበቅሎ፣ በባቡር፣ በአውቶቡስ፣ ዕድል የቀናውም እንደ ሆነ በአውሮፕላን ይጓዛል። የሚሳፈርበትንም ነገር ሁሉ አስቀድሞ ይመለከታል፤ ዋጋውን ይጠይቃል፤ ወንበሩ ይመቸው እንደ ሆነ በእጁ ይዳስሳል። ነገር ግን ተሳፋሪው ፈጽሞ የማያየው አንድ መጓጓዣ አለ። የሚያጅቡት ሰዎችም ዓይናቸው በእንባ ተሞልቶ፣ አንገታቸውን ደፍተው ስለሚከተሉት ልብ ብለው አይመለከቱትም። ይኸውም የሬሳ ኦቶሞቢል ነው።

እኛም ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው ስለዚሁ ኦቶሞቢል፣ ይልቁንም ስለ ጥንታዊዎቹ አለያየትና አደናነቅ ነው። «ጸሐፊው ሌላ ርእስ አጥቶ ነውን?» የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም፤ ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ እኛም እንዲሁ ማለታችን አይቀርም ነበርና። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውሳለን።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። እኛ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በንብረት ምዝገባ ክፍል የምንሠራ ሰው ነን። ሥራችን ጠረጴዛውንና ወንበሩን፣ ቁም ሣጥኑንና መኪናውን በመዝገብ ማስፈር፣ ያረጀውንም «አገልግሎቱን የፈጸመ» ብለን ለሽያጭ ማሳለፍ ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ በምንኖርበት ሰፈር የእድር ጸሐፊ ነን። እድራችን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሰሐንና ብርጭቆ አለው። ከነዚህም ሌላ ከብዙ ዘመን በፊት በአሮጌነቱ የተገዛ፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ አንድ የሬሳ መኪና አለው።

ከሁለት ዓመት በፊት በተደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ይህ መኪና ለቁራጭ ብረት ነጋዴዎች ይሸጥ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡን ያቀረብነው እኛ ነበርን። ቃለ ጉባኤውንም የጻፍነው እኛው ነን። እጃችን የለመደው የመዝገብ ቋንቋ ስለ ነበረ «አንድ አሮጌ መኪና፣ ቀለሙ ጥቁር፣ አገልግሎቱን የፈጸመ» ብለን ጻፍንና ጉዳዩ ያለቀ መሰለን።

ያን ጊዜ ከኋላው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የነበሩት የእድሩ ሾፌር ብድግ አሉ። እኒህ ሰው ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ ንግግር የማያበዙ፣ ያንን መኪና ከሠላሳ ዓመት በላይ የነዱ ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ» አሉን፤ «የምትሸጠውን ነገር ማን እንደ ሠራው ታውቃለህ?»

«አባባ፣ ፊያት ነው እንጂ፤ ፊቱ ላይ ተጽፎ የለምን?» ብለን መለስን።

«እሱማ ሞተሩና እግሯ ነው። እኔ የጠየቅሁህ ሬሳው የሚተኛበትን ቤት ማን ሠራው ብዬ ነው። የማታውቃትን ከምትሸጣት መጀመሪያ እያት፤ ከዚያ ወዲያ ሽጣት» አሉና ተቀመጡ።

ሰዎች ሳቁ። እኛ ግን አልሳቅንም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጨርሰን፣ አሥር ዓመት ሙሉ ንብረት ስንመዘግብ ኖረን፣ ፊደል በመጠኑ የቆጠሩ አንድ ሽማግሌ በራሳችን ሙያ ጠይቀውን መልስ ማጣታችን አሳፈረን። ስብሰባው ጉዳዩን ለሌላ ጊዜ አስተላለፈው። እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ መጻሕፍትን መፈለግ፣ ሥዕሎችን ማገላበጥ፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ወዳጆቻችንን መጠየቅ ያዝን። ያገኘነውም ከጠበቅነው እጅግ የበዛ ሆነ።

በመጀመሪያ ነገሩ ከኦቶሞቢል በፊት ብዙ ታሪክ ያለው ነው። እንግሊዞች የሬሳ ሠረገላን የሚጠሩበት «ኸርስ» የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ሲሆን፣ የጥንት ትርጉሙ ከእርሻ በኋላ ጓሉን የሚከሰክሰው ባለ ጥርስ መሣሪያ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ከሬሳው በላይ ብዙ ሻማ የሚሰካበት የብረት ወይም የእንጨት መቅረዝ ይቆም ነበርና፣ ሾጣጣዎቹ የእርሻውን መሣሪያ ጥርስ ስለ መሰሉ በዚያው ስም ጠሩት። ስሙ ከመቅረዙ ወደ ቃሬዛው፣ ከቃሬዛው ወደ ፈረስ ሠረገላው፣ ከሠረገላው ወደ ኦቶሞቢሉ እየተሸጋገረ መጣ። ገበሬ እርሻውን የሚያለሰልስበት መሣሪያ ስም፣ ሰው ወደ አፈር የሚመለስበት መኪና ስም ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

በአሜሪካ በ1909 በጥር ወር ቺካጎ ከተማ ውስጥ ሉድሎ የሚባል ቀብር አስፈጻሚ በሞተር ኃይል በሚሄድ የሬሳ መኪና የቀብር ሥነ ሥርዓት አደረገ። መኪናው በፋብሪካ የተሠራ አልነበረም፤ የአውቶቡስ ሻንሲ ላይ የፈረስ ሠረገላ አካል ተጭኖ የተገጣጠመ ነበር። በዚያው ዓመት የሲንሲናቲው ክሬን ኤንድ ብሪድ ኩባንያ ለሽያጭ የተዘጋጀ የሬሳ ኦቶሞቢል ለገበያ አቀረበ። ኩባንያው ቀድሞ የብረት የሬሳ ሣጥንና የፈረስ ሠረገላ ሲሠራ የኖረ ነው። በአዲሱ መኪና ጣሪያ ላይ የሮማዊው የሲፒዮ መቃብር አምሳያ ተቀምጦበት ነበር። ያ ኦቶሞቢል አዲስ ነገር እንደ መሆኑ ሰውን እንዳያስደነግጥ ሁለት ሺህ ዓመት ያለፈውን መቃብር ተሸክሞ ወደ ገበያ ወጣ ብንል ስሕተት አይሆንም።

ሕዝቡ ወዲያው አልተቀበለውም። ብዙዎች ሙት ሊቸኩል አይገባውም፤ የሞተር ድምፅና ጢስም ከኀዘን ጋር አይስማማም ብለው ተቃወሙ። ዋጋውም ከፈረስ ሠረገላ እጅግ ይበልጥ ነበር። ዳሩ ግን ከተሞች እየሰፉ የመቃብር ቦታዎች ከከተማ እየራቁ ሄዱ። ፈረስ ይደክማል፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ቀብር ብቻ አድርሶ ይመለሳል። ኦቶሞቢል ግን በአንድ ቀን ብዙ ቤተሰብ ሊያገለግል ይችላል። ስለዚህ በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ ፈረሱ ከዚህ ሥራ በአብዛኛው ወጣ።

አሁን ወደ አለያየቱ ጥበብ እንግባ። ከተማርነው ሁሉ የመጀመሪያው ትምህርት ሽማግሌው ሾፌር በአንዲት ጥያቄ ያመለከቱን ነው። የሬሳ ኦቶሞቢል ሁለት ሠሪ አለው። አንዱ ሞተሩንና ሻንሲውን የሚሠራው ታላቅ ፋብሪካ ነው፤ ሁለተኛው በላዩ ቤቱን የሚያንጸው የሠረገላ ሠሪ ነው። በፊቱ ላይ የሚነበበው የመጀመሪያው ስም ብቻ ስለ ሆነ፣ ያልተማረ ሰው «ካዲላክ ነው» ወይም «ፓካርድ ነው» ብሎ ያልፋል። የሚያውቅ ሰው ግን በሩን ከፍቶ ከመድረኩ ወይም ከመቃኑ አጠገብ የተለጠፈችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ ይፈልጋል። የሁለተኛው ሠሪ ስም ያለው በዚያ ነው።

ካዲላክ ለዚሁ ሥራ ብሎ ረጅምና ጠንካራ ሻንሲ ያዘጋጅ ነበር። ይህም ያለ አካሉ ወደ ሠረገላ ሠሪዎች ይላካል። ብዙዎቹ የሚገኙት በኦሃዮ ግዛት ነበር፤ ሱፒሪየር በላይማ፣ ሚለር ሚቲየር በፒኳ፣ ሴየርስ ኤንድ ስኮቪል በሲንሲናቲ። ዩሪካ የተባለው ደግሞ በኢሊኖይ ግዛት በሮክ ፎልስ ይሠራ ነበር። በዚያው ግዛት በፍሪፖርት ከተማ የነበረው ሄኒ ኩባንያ ከ1930ዎቹ መጨረሻ እስከ 1954 ድረስ ከፓካርድ ጋር ተጣምሮ ሠራ። በኦሃዮ በላውደንቪል የነበረው ፍሌክሲብል ደግሞ በብዩክ ሻንሲ ላይ ይሠራ ነበር። ይህ ኩባንያ በ1913 ገደማ ሥራ ሲጀምር ለሞተር ብስክሌት የጎን ተሳፋሪ ሣጥን የሚሠራ ነበር፤ በኋላም በአውቶቡስ ሥራ ስሙ ገነነ። ካሣጥን ወደ ሬሳ መኪና፣ ከሬሳ መኪና ወደ አውቶቡስ መሄዱን ስንመለከት፣ ሰውን ተሸክሞ ማድረስ አንድ ሙያ መሆኑን እንረዳለን፤ ተሳፋሪው ተናገረም ዝም አለ።

ሁለተኛው መለያ የአካሉ ቅርጽ ነው። ቅርጾቹ ብዙ ቢሆኑም ሦስቱን ያወቀ ሰው አብዛኛውን መለየት ይችላል። የመጀመሪያው ባለ ቅርጻ ቅርጹ ነው። በዚህ ዓይነት መኪና ጎን ላይ ከእንጨት የተፈለፈለ መጋረጃ፣ ዘርፍና ዓምድ ይታያል። እንጨቱ እንደ ጨርቅ ተጣጥፎ የወረደ ስለሚመስል ሰው በእጁ ገለጥ ሊያደርገው ይመኛል። ይህ ዓይነት በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ነበር፤ በ1930ዎቹም ተመልሶ ተወደደ። በኋለኞቹ ላይ አንዳንዱ ቅርጽ ከእንጨት ሳይሆን ከብረት ተቀልጦ የፈሰሰ ነውና፣ የሚመረምር ሰው በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ቢሰማ ይለየዋል።

ሁለተኛው የሊሙዚን ዓይነት ነው። ይህ ጎኑ በሰፊ መስተዋት የተሞላ፣ ከውስጥ በኩል መጋረጃ ያለው፣ ከሩቅ ሲያዩት ረጅም የቤተሰብ ኦቶሞቢል የሚመስል ነው። ሦስተኛው ላንዶ የሚባለው ሲሆን፣ የኋላው ጎን ያለ መስኮት ተደፍኖ በላዩ ላይ ሁለት ጫፉ ወደ ተቃራኒ የተጠማዘዘ አብረቅራቂ ዘንግ ተለጥፎበታል። ሴየርስ ኤንድ ስኮቪል በ1938 ይህን መልክ ካወጣ በኋላ በአሜሪካ እየተስፋፋ ሄዶ እስከ ዛሬ ድረስ ይታያል። ዘንጉ የፈረስ ሠረገላ ዳስ በሚታጠፍበት ዘመን ማጠፊያ ነበር። በሬሳ መኪናው ላይ ግን ምንም አያጥፍም፤ ምንም አይዘረጋም። ሥራው ካለቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ክብሩ ግን አልተነሣም። እኛ በመዝገባችን ብንጽፈው «አገልግሎቱን የፈጸመ» ባልነው ነበር።

ሦስተኛው መለያ በውስጡ ያለው ነው። ወለሉ ላይ የሬሳው ሣጥን እየተንከባለለ የሚገባባቸው መሽከርከሪያዎች አሉ፤ ሣጥኑ በመንገድ ላይ እንዳይንሸራተት የሚይዙት ችካሎችም አሉ። ዩሪካ በ1920ዎቹ ሣጥኑን ከኋላም፣ ከቀኝም፣ ከግራም በኩል ማስገባት የሚያስችል ተንቀሳቃሽ ገበታ አውጥቶ ነበር። ጥቅሙ ምንድን ነው ቢሉ፣ ዝናብ በሚዘንብበት ጊዜ ተሸካሚዎቹ በመኪና መንገድ ጭቃ ውስጥ ሳይገቡ በእግረኛ መንገድ ላይ እንደ ቆሙ ሣጥኑን በጎን በር እንዲያስገቡ ነው። ይህን የፈለሰፈ ሰው ጫማው የረጠበ ተሸካሚ ያየ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስደነቀን ግን ጥምር የሚባለው መኪና ነው። በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች አምቡላንስ የሚያንቀሳቅሰው ብዙ ጊዜ ቀብር አስፈጻሚው ራሱ ነበር፤ ሰው አስተኝቶ መውሰድ የሚችል ረጅም መኪና ያለው እሱ ብቻ ነበርና። ስለዚህ አንዱን መኪና ለሁለት ሥራ አዘጋጁት። የወለሉ መሽከርከሪያዎች ተገልብጠው ወለሉ ለጥ ያለ ይሆናል፤ የአስታማሚ ወንበር ይዘረጋል፤ ጣሪያው ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ይሰካል፤ መስኮቱን የሸፈነው ይነሣል። እንግዲህ ያው መኪና ጠዋት በሽተኛ ይዞ ይከንፋል፤ ከሰዓት በኋላ ሬሳ ይዞ በዝግታ ይሄዳል። ይህ ልማድ በ1970ዎቹ ስለ አምቡላንስ ጥብቅ መመዘኛ በወጣ ጊዜ ቀረ። በአሮጌ የሬሳ መኪና ጣሪያ ላይ የተደፈነ የመብራት ቀዳዳ ያገኘ ሰው፣ ያ መኪና በአንድ ወቅት ለሕያዋንም ይሮጥ እንደ ነበረ ይወቅ።

ከዚህም ሌላ አገር ሁሉ እንደ ልማዱ ሠርቷል። ጃፓኖች የቡድሃ ቤተ መቅደስ ጣሪያ የመሰለ፣ በወርቅ ቅብና በቅርጻ ቅርጽ ያጌጠ ቤት በኦቶሞቢል ላይ ያቆሙ ነበር። አሁን ግን በየመንገዱ ሞትን ያስታውሳል የሚሉ ሰዎች ስለ በዙ ቁጥሩ እያነሰ ሄዷል። እንግሊዞች ከ1968 እስከ 1992 በተሠራው ትልቁ ዴይምለር ላይ ብዙ የሬሳ መኪና አንጸዋል። በሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ በ1916 የተሠራ የፓካርድ የቀብር አውቶቡስ ነበር። ሣጥኑን፣ ተሸካሚዎቹንና ሃያ ያህል ለቀስተኞችን ባንድነት ይጭን ነበር። ለቤተሰብ የሚስማማ አሳብ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ቀን ከተማዪቱ በምትታወቅበት ዳገት ላይ ሲወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ አጋደለና ለቀስተኛውን ሁሉ በሣጥኑ ላይ ደፋው። ዛሬ በሂዩስተን ከተማ በቀብር ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ቆሞ ይታያል።

መለየት አንድ ነገር ነው፤ ማድነቅ ግን ሌላ ነው። መኪናውን ማድነቅ ማለት መብረቅረቁን ማድነቅ ብቻ እንዳይደለ ያስተማረን የ1963 ታሪክ ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ኅዳር 22 ቀን በዳላስ በተገደሉ ጊዜ አስከሬናቸው ከሆስፒታል ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሄደው በሚለር ሚቲየር በተሠራ የ1964 ሞዴል ካዲላክ ነው። ባለቤታቸው ከፊት አልተቀመጡም፤ ከኋላ ከሣጥኑ አጠገብ ሆነው ሄዱ። ያ መኪና በ2012 በ160,000 ዶላር የጨረታ ዋጋ ተሽጧል። ከሦስት ቀን በኋላ በዋሽንግተን በተደረገው ቀብር ግን አስከሬኑ በኦቶሞቢል አልሄደም፤ ስድስት ፈረሶች በሚስቡት የመድፍ ሠረገላ ሆነ። ከኋይት ሐውስ እስከ ቅዱስ ማቴዎስ ካቴድራል በእግራቸው ካጀቡት የዓለም መሪዎች መካከል ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። የዚያን ቀን ሥዕል የተመለከተ ሰው የሚያስተውለው አንድ ነገር አለ። ነገሥታትና ፕሬዚዳንቶች በእግራቸው ሲሄዱ ሁሉም እርምጃቸውን ከሠረገላው እርምጃ ጋር አስተካክለዋል። የሬሳ መጓጓዣ መልካምነት የሚለካው በዚህ ይመስለናል፤ በኋላው ያለውን ሰው ትቶ አለመሄዱ ነው።

እዚህ ላይ ስንደርስ ለመጻፍ የሚከብደንን ነገር መጻፍ ግድ ሆነብን።

ከአራት ዓመት በፊት አባታችን ሲያርፉ የእድሩ መኪና ተራውን ጠብቆ በደጃችን ቆሞ ነበር። እኛ ግን አፈርንበት። የመሥሪያ ቤት አለቆቻችንና ባልደረቦቻችን ሊመጡ ነበርና፣ ያንን ቀለሙ የተላላጠ መኪና እንዳያዩብን ሰጋን። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን ሳናማክር ብዙ ገንዘብ ከፍለን መስተዋቱ የሚያበራ አዲስ መኪና ከአንድ አከራይ አስመጣን። መኪናው ዘግይቶ ደረሰ። ነጂው በዚያው ሰዓት ሌላ ቀብር ይጠብቀው ኖሮ ሣጥኑ እንደ ገባለት ገሰገሰ። ካህናቱ በመንገድ ላይ ቆመው ሊያደርሱት የሚገባው ጸሎት ታለፈ። ጥላ ያዡ፣ አልቃሹ፣ ከዘራ የያዘው ሽማግሌ ሁሉ በአቧራ ውስጥ ቀረ። እኛ ከነጂው ጎን ተቀምጠን «ቀስ በል» ለማለት እንኳ ድፍረት አጣን፤ ያስመጣነው እኛ ነበርንና። ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ የሚቀበል ሰው አልነበረም። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ቀብር ሳይቀሩ ያጀቡ አባታችን፣ በራሳቸው ቀን ለሩብ ሰዓት ያህል ያለ አጃቢ በደጀ ሰላሙ ቆዩ።

ለቀስተኛው እየተንጠባጠበ ሲደርስ ከሁሉ በኋላ የእድሩ አሮጌ መኪና መጣ። በአንደኛ ማርሽ፣ በሰው እርምጃ፣ ባዶውን። ሽማግሌው ሾፌር የነጂውን በር በገመድ ክፍት አድርገው አስረው፣ ጆሯቸውን ወደ ውጭ አዘንብለው ነበር። ያን ጊዜ ምን ማለታቸው እንደ ሆነ አልገባንም፤ ልንጠይቃቸውም አልፈለግንም።

የጠየቅናቸው ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማስታወሻ ደብተርና ባትሪ ይዘን ወደ እድሩ ግቢ ሄድንና መኪናውን እንዲያሳዩን ለመንናቸው። እሳቸውም ሳይገረሙ ቁልፉን አወጡ። ከሥር ገብተን ሻንሲውን አየን፤ ለቀላል ጭነት የተሠራ ፊያት ነው። ነገር ግን ከነጂው ጀርባ ያለው ቤት ከፋብሪካ የወጣ አልነበረም። በዚሁ ከተማ አንድ አናጢና አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ተባብረው የሠሩት ነው። የብረት ሰሌዳ የለውም፤ ሠሪዎቹ ስማቸውን አልለጠፉም። ሆኖም ማንበብ ለተማረ ሰው ጽሑፉ ብዙ ነበር። ወለሉ ላይ ያሉት መሽከርከሪያዎች ከወይራ እንጨት በእጅ የተላጉ ናቸው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ አገልግለው አንዱም አልተሰነጠቀም። የጎኑ መስኮት ዙሪያ በቀለም ተሸፍኖ ቆይቶ እንጂ፣ ቀለሙን በጥፍራችን ፋቅ ስናደርገው የሐረግ ቅርጽ ብቅ አለ፤ በብራና መጻሕፍት ራስጌ የምናየው ዓይነት ሐረግ ነው። በኢሊኖይና በኦሃዮ ያሉ ጠራቢዎች የአውሮፓን መጋረጃ በእንጨት እንደ ፈለፈሉ ሁሉ፣ የእኛው አናጢ ደግሞ ከልጅነቱ የሚያውቀውን ፈለፈለ።

«አባባ» አልናቸው፤ «በአባታችን ቀብር ዕለት ለምን ባዶውን መኪና ነዱ?»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «አባትህ እድርተኛ ነበሩ» አሉ። «መዋጯቸውን አንድ ወር አላጓደሉም። በሌላ መኪና ቢሄዱ መብትህ ነው፤ ነገር ግን ይቺ ድርሻቸው ናት። ድርሻቸውን ላደርስ መጣሁ።»

«በሩንስ ለምን ከፈቱት?»

«ካህናቱ ሲቆሙ እንድቆም ነው። ሞተሩ ይጮሃል፤ በሩን ከዘጋሁት ጸሎቱ አይሰማኝም። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው የምነዳት።»

እኛም የምንለው አጣን። በመጻሕፍት ስለ ዩሪካ ተንቀሳቃሽ ገበታ ስናነብ፣ የተሸካሚውን እርጥብ ጫማ ያሰበውን ሰው አድንቀን ነበር። በገመድ የታሰረ በር ግን በዓይናችን አይተን ሳናነበው አራት ዓመት አልፎ ነበር።

በአሜሪካ አሮጌ የሬሳ መኪናዎችን የሚሰበስቡ ሰዎች በ1976 ማኅበር አቋቁመው እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ። እንደሚሉት ከሆነ መኪናዎቹ ረጅም መንገድ ስለማይሄዱና በጋራዥ ውስጥ ስለሚቀመጡ ብዙ ጊዜ በደኅና ይገኛሉ። ጠላታቸው እርጅና ሳይሆን የሰው ንቀት ነው። ሻንሲያቸው ጠንካራ ስለ ሆነ መኪና ከመኪና በሚጋጭበት ጨዋታ ላይ ብዙዎቹ ተሰባብረዋል። በ1984 በወጣው መናፍስት አዳኞች በሚታዩበት የአሜሪካ ፊልም አንድ የ1959 ሚለር ሚቲየር ካዲላክ ዝነኛ ከሆነ ወዲህ ደግሞ፣ የቀሩትን ያንን አስመስሎ መቀባት የሚወዱ በዝተዋል። ይህ ከመሰባበር ይሻላል፤ ነገር ግን መኪናው የራሱ ታሪክ ሳይኖረው የሌላውን እንዲለብስ ያደርገዋል።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ያገኘነውን ሁሉ በዝርዝር አቀረብን። ስለ አባታችንም የደበቅነው ነገር አልነበረም። ሆኖም እውነቱን መናገር ያስፈልጋልና፣ መኪናው ሥራውን ይቀጥል ብለን አልጠየቅንም። ፍሬኑ አያስተማምንም፤ መለዋወጫው አይገኝም። በዳገትና በቁልቁለት መካከል የሚሄዱትን ለቀስተኞች ሕይወት ለአሮጌ ብረት ፍቅር ብለን አደጋ ላይ ልንጥል አንችልም። ይህንን ከሁሉ በፊት ያሉት ራሳቸው ሾፌሩ ናቸው። «ደክማለች፤ እኔም ደክሜያለሁ። ግን ለምስማር አትቅለጥ» አሉ። ከብዙ ክርክር በኋላ አዲስ መኪና እንዲገዛ፣ አሮጌውም በግቢው ጥግ በቆርቆሮ ጥላ ሥር እንዲቆም ተወሰነ። «ድሀ እድር ሙዚየም ምን ያደርግለታል?» ብለው የተቃወሙ ነበሩ፤ ቦታው ለድንኳን ማስቀመጫ ይጠቅም ነበር ማለታቸውም ሐሰት አይደለም። የቆርቆሮውን ዋጋ እኛ ከፈልን፤ ይህም ስጦታ ሳይሆን ዕዳ ነው።

ለአዲሱ መኪና ሾፌር የሚሆን መመሪያ እንድንጽፍም ታዘዝን። መመሪያው አራት መስመር ብቻ ነው፤ አንደኛው መስመር «በአጀባ ጊዜ የነጂው መስኮት ክፍት ይሁን» ይላል።

እኛ የመዝገብ ሰዎች ብዙ ነገር በእጃችን ያልፋል። በአንድ ቃል «አሮጌ» ብለን የምንጽፈው ሁሉ ሠሪ ነበረው፤ ነጂ ነበረው፤ የተሸከመውም ሰው ነበር። በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ንብረት የምትጽፉ ወንድሞችና እኅቶች፣ «አገልግሎቱን የፈጸመ» ከማለታችሁ በፊት በሩን ከፍታችሁ ሰሌዳውን ፈልጉ። ሰሌዳ ባይኖረው ሽማግሌውን ጠይቁ።

በእድራችን የንብረት መዝገብ የቀድሞውን መስመር ሰርዘን በምትኩ የጻፍነው ይህ ነው፤ «አንድ የሬሳ መኪና። ሻንሲው ፊያት፤ ቤቱ በአዲስ አበባ በእጅ የተሠራ፤ ሠሪዎቹ ስማቸውን ያልጻፉ። መሽከርከሪያው ወይራ፤ በመስኮቱ ዙሪያ የሐረግ ቅርጽ ያለው። የነጂው በር በገመድ ክፍት ሆኖ ይታሰራል። የሰፈሩን ሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ በእርምጃ አድርሷል።»